ለአንድ ቃል

አፉላ። ሆስፒታል። ከሌሊቱ ዘጠኝ።
«ነይና አስተርጉሚ፥ ካንቺ ሌላ የለን» ብላ ነርሷ ጠራችኝ።
የባሌን ካፖርት በሌሊት ልብሴ ላይ ደርቤ፥
ወጣሁ በሸለቆው ጉም፥ እንቅልፌን በመዳፌ ሰብስቤ።

ይታይሽ ከተገላገለች ሁለት ሰዓት ሞላት፤
ልጇ ሴት ናት፥ ሦስት ኪሎ፥ ስም ገና አልወጣላት።
ሐኪሙ ልጅ እግር ነው፥ ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት የቀላ፤
አንዲት የዕብራይስጥ ቃል ወረወረ ወደኔ፥ ምንም ሳያብላላ፦
«ነሳኢት ናት በያት፤ የጉበት ቫይረስ አለ በደሟ ውስጥ፤
ሕፃኗን ሳንወጋት አሥራ ሁለት ሰዓቱ እንዳያመልጥ።»

ነሳኢት። በኛ አፍ «ተሸካሚ» መሆኑ ነው እንግዲህ።
ተሸካሚማ የማውቀው፥ ገበያ ዳር ገመዱን ትከሻው ላይ ጥሎ፥
የሰው ጤፍ፥ የሰው ጨው በወገቡ አዝሎ፥
«ዞር በሉ!» እያለ የሚያልፈውን ነው።
ሸክሟን አሁን ያወረደችን ሴት «ተሸካሚ ነሽ» የምለው
በየትኛው አንደበቴ ነው?

«የወፍ በሽታ» አልኳት፥ ቢቀላት ብዬ።
ጣሪያውን አየች። «ወፏ የታለች፥ እትዬ?
እናቴንም የሌሊት ወፍ በላይዋ አልፋ ነው ያሉ፤
ዓይኗ እርድ መስሎ፥ ሆዷ ተነፍቶ፥ ሥር በጥብጠው እያጠጧት ሳሉ...»
አልጨረሰችውም።

ሐኪሙ ወደ ክንዷ ጠቆመ፤ «ደሟንም እንደገና እንመርምር» አለ።
ክንዷን ከብርድ ልብሱ ሥር ሸሸገች፤ ፊቷ ከሰለ።
«ደሜን? ያኔ የኛን ሰው ደም ተቀብለው እንደደፉት?»
«ምን አለች?» አለኝ። «ፈርታለች» አልኩት።
ይኸው ነው ውሸቴ። ብተረጉምለት ወለሉን ያይ ነበር፤
እኔ ግን ሌሊቱ አጥሮብኝ፥ ለልጅቱ ስሳሳ፥ ዋጥኩት እንደ ጠጠር።

ከዚያ ሌላ ቃል መጣልኝ፤ ከየት እንደሁ እንጃ፥ ከወገቤ ይመስለኛል።
«ጎንደር ስትወርዱ እናትሽ አዝላሽ ነበር?»
«አዎ። ዛሬም ጀርባዋ ይሸተኛል።»
«በአንቀልባ አንቺን አዘለች፤ በደሟ ደግሞ ሌላ፥
ሳታውቀው። አንቺም ሳታውቂ አዘልሽው ኋላ።
ጥፋት አይደለም፥ እርግማን አይደለም፤
ይቺ ግን ዛሬ ከቀደምናት አታዝለውም።
ሁለት መርፌ ነው። አንዱ ዘብ፥ ከሌላ ሰው ደም የተዋስነው፥
(ካልተደፋ ደም) እስኪነጋ ደጇ የሚቆም ነው።
ሌላው አስተማሪ፤ የጠላቷን መልክ ለደሟ የሚያስጠና።»

ዝም ብላ ቆየች። «ጡቴስ?» አለች።
ጠየቅኩት። «ታጥባት እንጂ!» አለ በገዛ ቋንቋው፤
ሳልተረጉመው ገብቷት፥ ሸሚዟን ፈታች።

ሁለት ጭን፥ ሁለት መርፌ። ጩኸቷ ኮሪደሩን ሞላው።
ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ከሩብ፤ መዝገቡ ላይ እንዲህ ነው የሰፈረው።

ጢፓት ሃላቭ ይሉታል የሕፃናቱን ጣቢያ፥ «የወተት ጠብታ» ማለት ነው፤
በየካቲት ዝናብ፥ በሐምሌ ሐሩር፥ ጋሪውን እየገፋነው
ሄድን። በጥቅምት ነርሷ ወረቀቱን አየችና «ሽሊሊ!» አለች።
ይታይሽ ደነገጠች፤ «ምን ሆና ነው የምትሸልለው?
ክፉ ነው?»
«የለባትም ማለት ነው።»

እልል አላለችም። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤
የልጅቱን ካልሲ አወለቀች፥ መልሳ አጠለቀች።
ኖጋ ነው ስሟ። የእስክሪብቶዬን ክዳን ታኝካለች።

አውቶቡስ ስንጠብቅ ከቦርሳዋ ሌላ ወረቀት አወጣች፥
የራሷን ቀጠሮ፥ የጉበት ክትትል፥ ለኅዳር።
«ለዚህም ትመጫለሽ?»
«እመጣለሁ።»
«እንግዲያው ያን ሌሊት ያልኩትን፥ ስለ ደማችን፥
አሁን ሙሉውን ትነግሪልኛለሽ?»
አውቶቡሱ መጣ። መልስ ሳልሰጣት ተሳፈርን።